መቶ እስኪሞላ

ውሸት አይሆንልኝም። ገና አፌን ስከፍት እጄ ሄዶ ጆሮዬን ይይዛል፤ ጉትቻዬን እየጎተትኩ ነው የምዋሸው። ይህንን ቤተሰቡ በሙሉ ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቃል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ታላቅ እህቴ ደሳለች ታውቃለች። ታዲያ የሁላችን ታላቅ ጋሽ ግዛቸው ስልክ ደውሎ «ደሳለች ጋ ሄደሽ የምትሰነብቺው አንቺ ነሽ፣ አፀደ» ሲለኝ ጮህኩበት። ሌላ ሰው ጠፍቶ ነው ወይ አልኩት። እሱ ግን ስቅስቅ ብሎ እያለቀሰ ነበር። ስልኩን ዘግቼ ልብሴን መሸከፍ ጀመርኩ።

አክሊል ሞቶ ነበር። የደሳለች አንድ ልጅ። መሥሪያ ቤቱ ለሥልጠና ናይሮቢ ልኮት፣ የተሳፈረባት መኪና ከጭነት መኪና ጋር ተጋጭታ እዚያው ቀረ። መጀመሪያ የሰማችው እጮኛው ሄራን ናት፤ አብሮት የሄደ የሥራ ባልደረባው ደወለላት። እሷ ለጋሽ ግዛቸው ነገረችው፣ እሱ ለእኔ። ለእናቱ ማንም አልነገራትም፤ ወጉም አይደል። መርዶ በማለዳ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የነፍስ አባት ባሉበት ነው የሚነገረው። በዚያ ላይ ደም ግፊቷ በቅርቡ ሆስፒታል አስተኝቷት ነበር። አስከሬኑ አገር እስኪገባ ድረስ አንድም ሰው ትንፍሽ እንዳይል ተባለ። የእኔ ድርሻ ከጎኗ አለመለየት፣ ስልኳን ቀድሜ ማንሳትና አፉ የማያርፍ ጎረቤት ከበር መመለስ ነበር።

ቁስቋም ያለው ቤቷ ስደርስ መጀመሪያ ያየችው ሻንጣዬን ነው።

«ምነው በሰላም?»

«ቤቴን ቀለም እያስቀባሁ ነው። ሽታው አላስተኛኝ አለ።»

«በነሐሴ? በዚህ ዝናብ?»

«ቀቢው የተገኘው አሁን ነዋ፣ እትዬ።»

ጆሮዬን አየችው። እጄን አወረድኩ። እሷ ሻንጣዬን ተቀብላኝ ወደ ውስጥ ገባች።

ሳሎኑ ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ የአክሊል ኮምፒውተር እያጓራ ነበር። ሳየው ፊቴን አዞርኩ። ለመሄድ የተነሳ ዕለት እሱን ሲገጥም እዚያው ነበርኩና።

የዚያን ቀን አክሊል ኮምፒውተሩን ከሸጎሌ በታክሲ ጭኖ አመጣው። የተከራያት ክፍል ኢንተርኔት የላትም፤ እናቱ ቤት ግን ራሱ ያስገባው ዋይፋይ አለ። ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ገመድ ሲያገናኝ፣ ፕሮግራም ሲጭን፣ ሲሰርዝ፣ እንደገና ሲጭን ዋለ። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልችልም።

«ምንድን ነው ይሄ የወፍጮ ድምፅ?» አልኩት።

«የብሎክቼይን ፕሮግራም ነው፣ አፂ።» አክስቴ ብሎኝ አያውቅም፤ እንደ እኩያው ነበር የሚጠራኝ። «በዓለም ዙሪያ ሰዎች የተላላኩት ገንዘብ ሁሉ መዝገቡ አንድ ቦታ አልተቀመጠም። እንደዚህ ዓይነት ፕሮግራም የጫነ ሰው ሁሉ ሙሉ ቅጂው አለው። ይሄም አሁን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለውን እያወረደ ነው።»

«ዝም ብሎ ያወርዳል?»

«ዝም ብሎማ አይደለም። ያወረደውን አንድ በአንድ ራሱ ይመረምራል። ልክ ነው ብለው ቢነግሩት አያምንም። ማንንም አያምንም፤ ራሱ አይቶ ነው የሚቀበለው። ለዚህ ነው ብዙ ቀን የሚፈጅበት።»

እትዬ ከወዲያ ሽሮ እየነፋች «የኔ ቢጤ ነው በለኛ» አለች። ሦስታችንም ሳቅን።

ከዚያ እናቱን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ አስተማራት። ሠፈሩ መብራት ይጠፋበታል። መብራት ሲሄድ ከሥር ያለው ዩፒኤስ የሚባለው ባትሪ ይጮሃል፣ ጥቂት ደቂቃም ይይዝላታል። በዚያች ደቂቃ መጀመሪያ ፕሮግራሙን መዝጋት አለባት። ስትዘጋው አንዲት ትንሽ ሳጥን ስክሪኑ ላይ ትመጣለች።

«ይቺ ሳጥን ራሷ እስክትጠፋ ምንም እንዳትነኪ፣ እማዬ። ቀድመሽ ከነቀልሽው ግን ይበላሽና ከዜሮ ሊጀምር ይችላል። ስትጠፋ ኮምፒውተሩን ታጠፊያለሽ። መብራት ሲመጣ ደግሞ ይችን ተጭነሽ ታስነሽዋለሽ። ካቆመበት ይቀጥላል።»

ደጋግሞ አሠራት። ጣቷን ይዞ። እሷም መነጽሯን አድርጋ፣ ሳጥኗ እስክትጠፋ ጣቷን አየር ላይ አንጠልጥላ ስትጠብቅ፣ ልጁ ከኋላዋ ቆሞ በዐይኑ ይጠቅሰኝ ነበር።

«መቼ ነው የሚያበቃው?» አለችው።

«እዚህ ጋ ቁጥሩን እያየሽ። መቶ ሲሞላ እኔም መጥቻለሁ።»

ጉልበቷን ስሞ፣ እኔን ጉንጬን ቆንጥጦኝ ወጣ። እንግዲህ ልጁን ለመጨረሻ ጊዜ ያየነው ያን ዕለት ነው።

ፍልሰታ ገብታ ነበር። እትዬ በየቀኑ ቁስቋም ማርያም ቅዳሴ ታስቀድሳለች፤ እኔም እንደ ጥላ እከተላታለሁ። ሰው ሁሉ ሰምቷል። አንዱ ሲያያት ዐይኑን ይሰብራል፣ ሌላዋ አንገቷን አቅፋ አለቅም ትላለች። ከኋላ ሆኜ በዐይኔ እገላምጣቸዋለሁ፤ ቢቻለኝ በጥፊ ባልኳቸው። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስንወርድ እትዬ በጃንጥላው ሥር ሆና «ሰሞኑን ሰው ሁሉ ይሳሳልኛል» አለችኝ።

«ታመሽ ስለነበር ነዋ» አልኳት። ጃንጥላው እጄን ስለያዘው እግዜር ይስጠው።

ቤት እንደገባች ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ኮምፒውተሩ ጋ ትሄዳለች። ቁጥሩን ታነባለች። «ሰባ ሆነ» ትለኛለች። ከዚያ ስልኳን አንስታ የአክሊልን ቁጥር ትደውላለች። የደወሉላቸው ደንበኛ የምትለዋን ሴትዮ እስከ መጨረሻዋ ታዳምጣታለች፣ ሌላ ነገር ልትላት ይመስል። ስልኩ ተሰርቆበታል ብለን ነግረናታል። ይህንን የፈጠረው ጋሽ ግዛቸው ነው። ለሄራን በሰው ስልክ ደውሎ ደህና ነኝ ብሏል፣ አልናት።

«ለሄራን ደወለ? ለእኔ ሳይደውል?»

«የእሷ ቁጥር ነው በቃሉ የሚያውቀው።»

«የኔን ቁጥር ትምህርት ቤት ሳይገባ ነው በቃሉ ያስጠናሁት፣ ከጠፋ ብዬ» አለች። ከዚያ ወዲያ ግን አልጠየቀችኝም። እንዲያው ያን ጊዜ ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ ነው ያልኩት።

ቁጥሩ ሰማንያን ሲያልፍ ሄራንን ጥሪልኝ አለች። ፕሮግራሙን ታይልኝ፣ ልክ እየሠራ እንደሆነ ትንገረኝ። ሄራን የጴንጤ ልጅ ናት፤ ለአክሊል ስትታጭ በዚህ ነገር ትንሽ ተኮራርፈን ነበር፣ አሁን ያ ኩርፊያ የት እንደደረሰ እንጃ። ልጅቷ መጣች። ዐይኗ አብጦ ድንች አክሏል። ጉንፋን ይዞኝ ነው አለች። እትዬ ደግሞ ዝንጅብል አፍልታ አመጣችላት። ሄራን አክሊል የተቀመጠበት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ የኮምፒውተሩን ማውስ በእጇ ይዛ ለረጅም ጊዜ ምንም ሳትነካ ቆየች።

«ደህና ነው፣ እትዬ ደሳለች» አለች በመጨረሻ። «ጥሩ እየሠራ ነው። በዚሁ ከቀጠለ ብዙም አይቆይም፣ ይሞላል።»

«ብዙም አይቆይም?»

«አዎ፣ እንግዲህ ሁለት ሦስት ቀን ቢሆነው ነው።»

እትዬ ፊቷ ልውጥ አለ። ደስ ብሏት መሰለኝ። ከዚያ ዘወር ብላ የሄራንን ብርጭቆ አንስታ ወደ ማድቤት ገባች፤ ዝንጅብሉ ገና አልተጠጣም ነበር።

ልጅቷን ልሸኝ ስወጣ በሩ ላይ እጄን ያዘችኝ። «አክስቴ፣ እኔ ይሄንን ነገር አልችልም። እናቱ ናት። በፊቷ ቁጭ ብዬ እንዴት እዋሻለሁ? እግዚአብሔርስ ምን ይለኛል?»

«ትችያለሽ» አልኳት። «እኔ ችዬ የለ?»

ክፉ አነጋገር ነው የተናገርኳት። ለእሷም እኮ ባሏ ሊሆን ነበር። ግን ያን ሰሞን እንዲህ ነበርኩ፤ ጋሽ ግዛቸውን፣ ቄሱን፣ ታክሲ ረዳቱን፣ ያገኘሁትን ሁሉ እነክስ ነበር።

የናይሮቢው ወረቀት አላልቅ አለ። ጋሽ ግዛቸው በደወለ ቁጥር «ትንሽ ቀን ታገሺ» ይለኛል። እኔን የሚያስፈራኝ ያ የተረገመ ቁጥር ሆነ። መቶ ሲሞላ እኔም መጥቻለሁ ብሏታል። ቢሞላ፣ እሷም ዞራ ልጄስ ብትለኝ፣ ምን ልመልስላት ነው? ዕድሜዬን ሙሉ መብራት ኃይልን ስራገም የኖርኩት ሴትዮ ማርያም ፊት ቆሜ መብራት እንዲጠፋ ተሳልኩ።

ማርያም ሰማችኝ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ መንቀሳቀሱን ተወ። ሱቅ ደርሼ ስመለስ እትዬ «መብራት ሄዶ ነበር» ትለኛለች። በማግስቱም እንደዚያው። ወይ ጠፍቶ ይጠብቀኛል፣ ወይ ገና አሁን አስነስታው አገኛታለሁ። ዘጠናን አልፎ እዚያው ተገተረ። እኔ በልቤ እልል እላለሁ፣ በአፌ «ምን ዓይነት መንግሥት ነው ይሄ» እያልኩ አማርራለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳሙና ገዝቼ ስመለስ፣ ከእትዬ ቤት አጥር ጎን ያለው የዳኜ ብየዳ ቤት እሳቱን እየረጨ ብረት ይቆርጣል። ማሽኑ ጆሮ ይበጥሳል። ሰላምታ ሰጥቼው አለፍኩና ግቢው መሐል ስደርስ ቀጥ አልኩ። ዳኜ ጄኔሬተር የለውም። መብራት ሲጠፋ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ነው የሚያነበው፤ ሰሞኑን ግን ብረት ሲቆርጥ ነበር የሚውለው።

በመስኮቱ አየኋት። መነጽሯን አድርጋለች። ወንበሩ ላይ አልተቀመጠችም፣ ቆማ ጎንበስ ብላለች። ልጇ እንዳሳያት ፕሮግራሙን ዘጋችው። ሳጥኗ መጣች። እትዬ ጣቷን አየር ላይ አንጠልጥላ ጠበቀች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ውዳሴ ማርያም ትደግማለች። ሳጥኗ ስትጠፋ ኮምፒውተሩን አጠፋችው። ከዚያ ልጅ ተኝቶላት እንደምትወጣ እናት ቀስ ብላ ወደ ኋላዋ ሄደች።

ሳሙናውን እንደያዝኩ ዝናብ ላይ ቆምኩ። ታውቃለች። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንጃ፣ ምናልባት ሻንጣዬን ከተቀበለችኝ ጀምሮ። ማንም አልነገራትም፣ እሷም ማንንም አልጠየቀችም። መቶ እስካልሞላ ድረስ ልጇ አልዘገየም። ቃሉን አላጠፈም። በመንገድ ላይ ነው። መምጫው ቀን እንዳይደርስ በገዛ እጇ እየያዘችው ነበር።

ጫማዬን በረንዳው ላይ ሆን ብዬ እየጎተትኩ ገባሁ።

«መብራት ሄደ እንዴ?» አልኳት።

«ሄደ።»

የዳኜ ማሽን ቤቱን እያንቀጠቀጠው ነው። ሁለታችንም እንሰማዋለን።

«እነዚህ ሰዎችማ ገደሉን» አልኩ።

«ጆሮሽን ልቀቂው» አለችኝ በቀስታ።

ለቀቅኩት። ሄዳ ምሳ አቀረበች። ጎን ለጎን ተቀምጠን በላን፤ በላን ማለት ደግሞ እጃችን እየተመላለሰ ነበር ማለቴ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ ተለወጠ። ኮምፒውተሩ ትንሽ እንዳጓራ «ሱቅ ደርሼ ልምጣ» እላለሁ። የጎደለ ነገር ኖሮ አይደለም። እንድትዘጋው ነው የምወጣላት። ባለሱቋ ቤዛዊት ገና ስታየኝ «ዛሬ ደግሞ ምን አለቀ?» ማለት ጀመረች። ቤቱ በሳሙና፣ በክብሪት፣ በሻማ፣ በጨው ተሞላ። እትዬ አንዱንም ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። ተቀብላ ቁምሳጥን ውስጥ ትደረድረዋለች።

አንዳንዴ ግን ንዴቴ ይመጣል። ካወቅሽ አልቅሺዋ፣ ምን ታደርቂኛለሽ፣ እኔም እኮ አሳድጌዋለሁ፣ እኔም ጀርባዬ ላይ አዝዬዋለሁ ልላት አፌ ላይ ይደርሳል። ከዚያ ያንን የተንጠለጠለ ጣቷን አስባለሁ፣ ነጠላዬን አንስቼ እንደገና ወደ ቤዛዊት ሱቅ እወርዳለሁ።

በመጨረሻ ጋሽ ግዛቸው ደወለ። አስከሬኑ ነገ ይገባል፣ እኛ በማለዳ እንመጣለን አለ። ማድቤት ውስጥ ሆኜ ነው ያነጋገርኩት፤ የመለስኩት «እሺ» ብቻ ነው። ስወጣ እትዬ ፎጣና ሻምፖ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«ፀጉሬን እጠቢኝ» አለችኝ። «ከእንግዲህ መቼ እንደሚታጠብ አይታወቅም።»

አጠብኳት። አንገቷ እንዴት ቀጥኗል። ጀርባዋን ሰጥታኝ ስለነበር እንባዬን አላየችም፤ ድምፄን ግን ለመደበቅ ውኃውን ከፍ አድርጌ አፈስሰው ነበር። ፀጉሯን አድርቄላት ስጨርስ፣ ኮምፒውተሩን አስነሳችና ዘወር ብላ አየችኝ። እኔ እንደ ልማዴ ነጠላዬን አነሳሁ።

«ዛሬ ሱቅ አትሂጂ፣ አፀደ» አለችኝ።

ቆምኩ።

«ዛሬ አልዘጋውም። ይጨርስ።»

ነጠላዬን መልሼ ሰቀልኩት። አጠገቧ ተቀመጥኩ። እጇን ሰጠችኝ፣ ያዝኩት፣ ቁጥሩን አብረን አየነው።

ሊነጋጋ ሲል የግቢው በር ተንኳኳ። ቀና ስል እትዬ ለብሳ ጨርሳለች። ጥቁር ቀሚሷን አድርጋለች፣ ነጠላዋን ጥለቱን ወደ ላይ አዙራ ለብሳዋለች። ኮምፒውተሩ ፊት ቆማለች። መቶ ሞልቷል።

ከፈትኩላቸው። ጋሽ ግዛቸው ከፊት፣ የነፍስ አባቷ ከጎኑ፣ ከኋላቸው የእድሩ ሰዎች፣ ዳኜ፣ ቤዛዊት፣ ጎረቤቱ ሁሉ። ሄራን ከሁሉም ኋላ አጥሩን ተደግፋለች። ሁሉም በሩ ላይ ተኮለኮለ። ጋሽ ግዛቸው ሲለማመደው ያደረውን ሊጀምር «እህቴ ደሳለች» አለ።

«አንዴ ጠብቁኝ» አለች እትዬ።

መነጽሯን አደረገች። ጎንበስ ብላ ፕሮግራሙን ዘጋችው። ሳጥኗ መጣች። ያ ሁሉ ሰው በር ላይ ቆሞ፣ ቄሱ መስቀላቸውን እንደያዙ፣ እሷ ጣቷን አየር ላይ አንጠልጥላ ጠበቀች። ሄራን በሰው ትከሻ ላይ አሻግራ የሚሆነውን አይታ አፏን በሁለት እጇ አፈነች። ሳጥኗ ጠፋች። እትዬ ኮምፒውተሩን አጠፋች፣ ገመዱን ነቀለች፣ የቴሌቪዥኑን ዳንቴል አንስታ አለበሰችው። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ወደ እኛ ዞረች።

«አሁን ንገሩኝ» አለች።

ጋሽ ግዛቸው አፉን ከፈተ። ወደ ቄሱ ዞረ፣ ቄሱም አቀርቅረዋል። በመሐላቸው አልፌ ፊቷ ቆምኩ።

«አክሊል አይመጣም፣ እትዬ። ልጃችን ሞቷል» አልኳት።

ፊቴን አላየችም። ያየችው እጄን ነው። መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን። ሁለቱም ወደ ታች ተንጠልጥለው ነበር።